«ና» የሚለው ጉድጓድ

ሚያዝያ 6

ይህ ወረቀት ሳይረጥብና ሳይቀደድ ባሕሩን ተሻግሮ ለአጎቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፣ እጇ ላይ ይውደቅ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ሥጋ ነገር ጣል አድርገሻል ወይስ አሁንም በቁልፍ ቀዳዳ ታልፊያለሽ? እኛ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይኮራባታል።

«ይሄን ማን ጻፈለት?» ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። ራሴ ነኝ። ከማታ ትምህርት ከተመረቅኩ ወር አልሞላኝም። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጡት ሰውዬ በፈተናው ቀን መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር፤ ይህ ግን የእኔን አንደኝነት አይነካውም። አሁን የማላነበው ነገር የለም። የመድኃኒት ብልቃጥ አነባለሁ፣ የአውቶቡስ ጎን አነባለሁ፣ የሰው ጋዜጣ በትከሻው ላይ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስቱም ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን ሊሠሩ ተሰበሰቡ? አስተማሪያችንን ብጠይቃት «አንተስ ለአንድ በር ሦስት ቁልፍ ትቀርጽ የለም?» አለችኝ። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ከዚያ በፊት አልተፈጠረም።

ሥራዬ ደርቷል። ሰፈሩን ሌባ እያመሰው ስለሆነ ሰው ሁሉ «ማስተር፣ ቁልፍ ቀይርልኝ» እያለ ኪዮስኬ ደጅ ይሰለፋል። ፍርሃት ባይኖር ቁልፍ ሠሪ ምን ይበላ ነበር? የራሳችንንም በር ቁልፍ ቀይሬዋለሁ፤ ደህና አድርጌ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አስተማሪዋ «እንዳይጠፋብህ በየቀኑ አንብብ፤ ሥዕል ያለበት ከሆነ ይቀልሃል» ብላኛለች። አንቺ የምትሠሪው የሥዕል መጻሕፍት የሚሸጡበት ቤት አይደል? ያ ማንጋ የሚባለው። እስቲ ምረጪልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፤ ልብ በይ፤ በዘመዶቻችን ታሪክ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስሽ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደፋር፣ መልከ መልካምና ጨዋታ አዋቂ ሰው የሚያነበውን ላኪ።

ስልክ እንዳትደውዪ፤ ጻፊ። ፊደል የቆጠርኩት ስልክ ለማንሳት አይደለም።

ስለ ወንድሜ ስለ ትንሹ፤ «ጀልባ ልሳፈር ነው» ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ የለም። ወዳንቺ አገር ነበር ጉዞው። እናቴ በየማለዳው «ምን ሰማህ?» ትለኛለች። እኔም «መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ረዥም ነው» እላታለሁ። ወሬ ካለሽ አንድ መስመር ጣል አድርጊልኝ።

እናቴ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች።

ቁልፍ ሠሪው፣ አንባቢው፣ ጸሐፊው
ማስተር


ግንቦት 2

ለጋሽ ማስተር፤

እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይድከም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ አንብቤ ሳቅኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። እትዬን ጉልበታቸውን ስማለች ይበሉልኝ።

የምሠራበት ቤት ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ጫማ ነው። ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ ማንጋ ነው። ሰው መጥቶ «ምን ላንብብ?» ሲለኝ የሚወደውን አልጠይቀውም። ምን እንደሚፈራ ነው የምጠይቀው። አንዲት ነርስ ከሥራ ወጥቼ ባዶ ቤት መግባት እፈራለሁ ስትለኝ፣ አንድ ሽማግሌና ድመቱ ምንም ሳይሠሩ የሚውሉበትን ረዥም ታሪክ ሰጠኋት። አንድ የታክሲ ሹፌር መሸነፍ እፈራለሁ ሲለኝ፣ ሁልጊዜ የሚሸነፍ የእግር ኳስ ቡድን ያለበትን ሰጠሁት። ቀጣዩን ቅጽ ሊወስድ ሲመጣ እየሳቀ ነበር።

እርስዎ ምን እንደሚፈሩ አልጻፉልኝም። ደፋር ነኝ ስላሉ አምኜ ሁለት መረጥኩ።

አንደኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው «የጣራው ፖስተኛ» ነው። የሣለችው የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ማንጋ ከተፈለሰፈበት አገር ባትሆንም እጇ የተማረው ከማንጋ ነው፤ ትልልቁ ዓይን፣ ሲሮጡ ከኋላቸው የሚሰነጠቀው የነፋስ መስመር ሁሉ አለበት። መንገዱ ስለተጨናነቀበት ደብዳቤ በጣራ ላይ እየሮጠ የሚያድል ሰው ታሪክ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ከሰዎቹ አፍ በሚወጣው ፊኛ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ አማርኛውን ጽፌበታለሁ።

ሁለተኛው ከጨለማው መደርደሪያ ነው፤ «ጉድጓዱ» ይባላል። እሱ ከራሱ ከማንጋው አገር የመጣ ዋናው ማንጋ ነው። ገና እየለጠፍኩለት ስለሆነ ለብቻው ይደርስዎታል። ማስፈራቱን ያስፈራል። ግን መናገርም መስማትም ለሚያቅተው ሰው የምሰጠው እሱን ነው። ብቻዎን አያንብቡት፤ ለእትዬም ያንብቡላቸው። ሲጨርሱ ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ፤ እባክዎ፣ ሁሉንም ይጻፉልኝ።

ስልኩን እንደከለከሉኝ አልደውልም። ጥሩ አደረጉ።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ


ሰኔ 4

ለአንባቢዎች ሐኪም፣ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ ከፊት ይቅደም፤ እኔ ከኋላው እደርሳለሁ።

«የጣራው ፖስተኛ»ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በኪዮስኬም እንዳንቺ ሆኛለሁ። ቁልፍ እስክቀርጽለት የሚጠብቀውን ሁሉ «እንካ፣ አንብብ» እላለሁ። ሥጋ ሻጩ አይቶ «ማስተር፣ ይሄ የልጅ ነገር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቁልፉን ጨርሼ ስሰጠው ቀና ሳይል «ቆይ፣ ሊዘል ነው» አለኝ። ከኋላው የተሰለፈችው ሴትዮ «ሥጋው ሸተተ፣ ሂድ» ብትለውም አልተነቃነቀም።

አሁን ስለ «ጉድጓዱ»። መጽሐፉን ስገልጠው መጀመሪያ ላይ የተዘረጋ መዳፍ ተሥሏል፤ ከሥሩ አንቺ ያልለጠፍሽበት የባዕድ ጽሑፍ አለ። ሰላምታ ነው ብዬ እኔም እጄን አነሳሁለት። ጨዋ መጽሐፍ ነው አልኩ።

ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። መንደሩ ባዶ ነው። በሩ ሁሉ ተከፍቷል፣ ወንበሩ ወድቋል፣ ሰው የለም። እዚህ ላይ፣ ልዋሽሽና፣ አልፈራሁም። ቀጥሎ ከጉድጓዱ አንዲት እናት ብቅ ትላለች፤ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ከእሷ ቀጥሎ ጎረቤቷ። ቀጥሎ አንጥረኛው። አንድ በአንድ እየወጡ ወደየቤታቸው ይገባሉ። በስተመጨረሻ የሚወጣው የእናቲቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። መዝጊያው ገጽ ላይ ቤተሰቡ ተሟልቶ እራት ይበላል፤ በሩም እንደተከፈተ ነው።

ነገረ ሥራቸው ግን ግራ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ይመልሳሉ፣ ቀጥሎ ይጠየቃሉ። አንዱ «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሌላው ቀጥሎ «አሞሃል እንዴ?» ይለዋል። የሠለጠነ አገር ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ደግሞ በየገጹ «ና» የሚል ድምፅ አለ፤ ከማን አፍ እንደሚወጣ አልተሣለም። እናቴ «ማነው የሚጠራቸው?» ስትለኝ «ቤታቸው ነው» አልኳት። ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ግን ጥሩ መልስ ነበር።

ስጨርስ እናቴ «የእኔም ይወጣል» አለች።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። በማግስቱ «ይሄን ቁልፍ ንቀለው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ትንሹ ይዞት የሄደው የድሮውን ነው። መጥቶ ከበር ሲታገል ሊያድር ነው?»

«በማንኳኳት ማን ሞተ? ያንኳኳል።»

«እነዚያ አንኳኩ?» አለችኝ። የመጽሐፉን ሰዎች ማለቷ ነው።

ነቀልኩት። እምቢ ብላት መብላት ልታቆም ሆነ። አሁን ሌባ በሚያምሰው ሰፈር የቁልፍ ሠሪው በር ብቻ ገርበብ ብሎ ያድራል። ሰው ቢሰማ ማን ያሠራኛል? እኔ ፈሪ አይደለሁም፤ ወንበሬን ግን ኮሪደር ላይ አድርጌ መዶሻ ታቅፌ ነው የምተኛው።

ሌላም አለ። አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ትቆምና ወደ መንገዱ «ና» ትላለች። እንደ መጽሐፉ፣ አንዴ ብቻ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። የመጀመሪያ ቀን ስሰማት መዶሻዬን አነሳሁ።

ስለ ትንሹ የጠየቅኩሽን ረስተሽዋል። ወረቀቱ ጠቦሽ ይሆናል። አብሬ በላክኩልሽ ሰፊ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ።

ማስተር


ሐምሌ 2

የአጎቴ ልጅ፤

ጤና ነሽ ወይ? መልስሽን ብጠብቅ ብጠብቅ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ገና ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ምን በድዬሽ ነው? ቀልዴ ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለጨዋታ አይደለም። እናቴ የትንሹን ጃኬትና ጫማ ከሻንጣ አውጥታ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነበር፤ «ረጥቦ ነው የሚመጣው፤ ይለውጣል» ብላ። ትናንት ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነቃ ጃኬቱም የለ፣ ጫማውም የለ። ኮሪደሩ ላይ ከበሩ እስከ እኔ ድረስ የረጠበ ዱካ አለ። አጠገቤ ድረስ መጥቶ ቆሟል፣ ጭራሮ። ቆሞ አይቶኝ ተመልሷል። መዶሻው እጄ ላይ እንዳለ ነበር።

ልጮህ ስል እናቴ መጣች። ዱካውን አየች፣ ባዶውን ወንበር አየች፣ ተንበርክካ እርጥቡን በመዳፏ ነካችው። «መጥቶ ነበር» አለች። «ተኝተህ ሲያይህ አፍሮ ተመለሰ።»

«እማዬ፣ ሌባ ነው።»

«ሌባ ሌላ ዕቃ አይወስድም ነበር?»

እውነት ነው፣ ሌላ ነገር አልነካም። ግን ለምን እንዳልነካ እኔ አውቃለሁ። ቤቱን ሊያጠና ነው የገባው። ጃኬቱና ጫማው ለእጁ ቅርብ ነበሩ፤ አነሳቸው። በሩ ክፍት የሆነ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊትና አንድ እንቅልፋም እንዳለ አሁን ያውቃል። በሥራዬ ብዛት የሌባን ነገር አውቃለሁ፤ አንዴ አይመጣም።

መዶሻዬን ወስዳብኛለች። «ወንድምህን ልትመታበት ነው?» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ሆኜ እቀበለዋለሁ፣ አንተ ጓዳ ተኛ» ብላለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ አሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

«ጉድጓዱ» ሁለተኛ ቅጽ አለው ወይ? እናቴ «ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ?» እያለች ትጠይቀኛለች። በሩን ዘግተው እንደሚኖሩ የሚናገር ገጽ ካለ ቶሎ ላኪልኝ። ባይኖርም ጽፈሽ ላኪ፤ እሷ ከእኔ አፍ ነው የምትሰማው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 20

ጋሼ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ሳነብ ያጠፋሁት ገባኝ፤ ልመልስ ስል እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሰነበተ። ሁለተኛው ሲደርሰኝ ግን የእኔ ዝምታ ሰው ሊያስገድል እንደሆነ አየሁ። ከዚህ መስመር በታች ከማንበብዎ በፊት ተነሥተው በሩ ላይ ቁልፍ ይግጠሙ። ገጥመው ሲጨርሱ ይቀጥሉ።

ማንጋ የሚጀመረው ከቀኝ ነው። እኛ የመጽሐፍ ጀርባ የምንለው የእሱ ፊት ነው፤ ሥዕሎቹም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚከተሉት። ያ መዳፍ ሰላምታ አይደለም። «ቁም፤ የገለጥከው መጨረሻውን ነው» ነው የሚለው። «የጣራው ፖስተኛ»ን የሣለችው ልጅ በአገሯ ልማድ ከግራ ጀምራዋለች፤ እርስዎም ሁለተኛውን እንደዚያው ገለጡት። ለእኔ የየቀኑ ነገር ስለሆነ መንገር ትዝ አላለኝም። ለደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረውን ለእርስዎ ሳልናገር ቀረሁ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ እራት ላይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ትንሹ ልጅ የሚጠራውን ድምፅ ይሰማና ይወጣል። ሄዶ ጉድጓዱ ይገባል። ቀጥሎ አንጥረኛው፣ ቀጥሎ ጎረቤቲቱ። እናትየው በስተመጨረሻ ልጇን ፍለጋ ትወርዳለች። ባዶው መንደር መጨረሻው ነው። የሚጠራቸውም ቤታቸው አይደለም፤ ጉድጓዱ ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለእትዬ ለምን እንደመረጥኩ ይጠይቁኛል። እነሆ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ወደ ሱቁ ወረደ። ደንበኛ መስሎኝ እንደ ልማዴ «ምን ትፈራለህ?» አልኩት። «ውሃ» አለኝ። ከትንሹ ጋር በአንድ ጀልባ ነበሩ። የእኔን አድራሻ ትንሹ ነው የነገረው። ጀልባው ተገልብጦባቸዋል። ትንሹ የጀልባውን ሆድ ይዞ በጨለማ ውስጥ «ና፣ ና» እያለ ሌሎቹን ይጠራ ነበር። ይህ ልጅ ድምፁን ተከትሎ እየተንፈራገጠ ደርሶ እንጨቱን ያዘ። ሲይዝ ትንሹ እዚያ አልነበረም። ጠዋት መርከብ ሲያነሳቸውም አልነበረም። አልፏል፣ ጋሼ።

በመጽሐፉ ውስጥ ጉድጓዱ ብዙ ነው የሚናገረው። እኔ ነኝ ሁሉንም ወደ «ና» ያሳጠርኩት። ሌላ ቃል ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

እትዬ ታሪኩን ሰምተው ልባቸው ቀስ ብሎ ይጠረጥራል፣ ከዚያ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ሥራዬ ለሰው የሚሆነውን መጽሐፍ ማወቅ ነው እያልኩ በራሴ ተማመንኩ። ስልክ ብደውል ከድምፄ ያውቁታል፤ እሱን ነበር የፈራሁት።

የተለጠፈውን ሁሉ ቀድጄ መጣል ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

የአጎትዎ ልጅ


ነሐሴ 15

ለአጎቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንቺ በሕይወት ኑሪ።

እንዳልሽው ሳልጨርሰው ተነሣሁ። ኪዮስኬ ውስጥ ካለው ሁሉ የከበደውን ቁልፍ ይዤ ሄጄ ገጠምኩ። ከዚያ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጥኩ የቀረውን አነበብኩ። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ነበር ቀድሞ የሚያየው።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ማን ዝጋ አለህ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «መጽሐፉን ተሳስቼ ነው ያነበብኩልሽ» የሚል ሆነ። እኔ ተሳሳትኩ የሚል ቃል በዕድሜዬ ለማንም ብዬ አላውቅም። እሷም ስለምታውቅ ፊቷ ተለወጠ። «እስቲ አስተካክለህ አንብበው» ብላ ተቀመጠች።

ከቀኝ ገለጥኩ።

«ይሄማ መጨረሻው ነው፤ እራት የሚበሉበት» አለች።

«መጀመሪያው ነው፣ እማዬ።»

ትንሹ ልጅ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ በሩ ያያል። «ና» የሚለውን አነበብኩት። ገጹን ልገልጥ ስል እጇን ጫነችበት።

«የቀረውን አውቀዋለሁ» አለች። «ከኋላ ወደ ፊት አንብበህልኛል እኮ።»

እጇን አላነሳችም። እኔም እጄን ከሥሩ አላወጣሁም።

«የላከችው ልጅ ትንሹን አይታዋለች?»

«አላየችውም። አብሮት የነበረውን ልጅ ነው ያየችው።»

«እሱ ዳነ?»

«ዳነ።»

«በምን?»

ነገርኳት። «ና» እያለ ይጠራቸው እንደነበር ስደርስ «ጮክ ብሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ልጁን ካገኘሽው ጠይቂልኝ፤ እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ መልሳ ጠይቃኛለች። ከዚያ «እሷ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች። ከመጋቢት አልኳት። ስለ አንቺ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም። ያለቀሰችውን ግን አልጽፈውም፤ የተማርኩት ፊደል እዚያ ድረስ አይደርስም።

በሳምንቱ የአዲሱን ቁልፍ ዙሪያ በብረት ተቦጫጭሮ አገኘሁት። ሌባው ተመልሶ መጥቶ ሞክሯል ማለት ነው። ልደብቃት ስል ቀድማ አይታዋለች። ጭረቱን በጣቷ ዳበሰችው። «ልጄ በር አይቦጭርም» ብላ ገባች።

ምን እንደምፈራ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። አመሻሽ ላይ እናቴ ወደ በሩ ስትሄድ እፈራለሁ። ሄዳ እጀታውን ይዛ ትቆማለች። እኔ ከውስጥ እጠብቃለሁ። እስከ አሁን አልከፈተችውም። እስከ አሁን ምንም አላለችም። ግን አፏን አያለሁ።

ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ነበረች። እንደ ወትሮው «ሰላምታ ልበልልሽ?» ብላት ፊቷን አዞረች። ወረቀቱን ላጥፍ ስል «ቆይ» አለችኝ።

«ሌላ መጽሐፍ ከላከች፣ ከወዴት እንደሚጀመር አስቀድማ ትጻፍ።»

ወንድምሽ